የቆርኪው ክፍተት

ነጎድጓድ የሚሉት ድራም መቺ ዱላዎቹን ሲያነሳ ሦስት ቤት ወዲያ ያለች ዶሮ ያለ ቀኗ እንቁላል ትጥል ነበር፤ ያላመነ ዶሮዋን ይጠይቅ። የሚመታውን ዜማ ሁሉ በጆሮው የለቀመ ነው፤ ኖታ ማንበብ ግን አይችልም። አዲሱ የባንዱ አለቃ ደግሞ ቅዳሜ በኖታ እፈትናለሁ፣ ያላነበበ ይሰናበታል ብሎ ለጠፈ።

ሳክስፎን ነፊው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ለድራሙ ወንበር የአክስቱን ልጅ ካጨ ቆይቷል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ወረቀት እየደቀነ፣ ይቺ ምን ትላለች እያለ ያስቅበታል።

ጡረታ የወጣው ትራምፔት ነፊ ይህን ሰምቶ፣ ቤቴ ና፣ በነፃ አስተምርሃለሁ አለው። ነጎድጓድ ከመሬት ተነስቶ ደግ የሚሆን ሰው አያምንም። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እየተነጫነጨ ሄደ።

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ የጠርሙስ ቆርኪ ደረደረ። አንድ ቆርኪ አንድ ምት፣ ክፍተቱ ዝምታ፤ ከጎኑም ይኸው የተጻፈበትን የኖታ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ዘረጋ። ነጎድጓድ ቆርኪውንም ክፍተቱንም እኩል ወቀጠው።

«ባዶው ላይ ምን አገባህ?»

«ባዶ ስለሆነ ነዋ፣ ጋሼ። ቀዳዳ እያየሁ ዝም ልበል?»

«ዝም በል። እሱም ይቆጠራል። በሆድህ ቁጠረው።»

አምስት ቀን ተናከሱ። ነጎድጓድ ሁለቴ በሩን አላትሞ ወጣ፤ ሁለቴም ሲመለስ ቆርኪዎቹ እንደተደረደሩ ጠበቁት።

ቅዳሜ አለቃው ለሁሉም አዲስ ዜማ አደለ። መሃል ላይ ለድራሙ ብቻ ስምንት ምት ዝምታ ተጽፏል። ሳክስፎን ነፊው እየነፋ በዓይኑ ይጠብቀዋል። ነጎድጓድ እጁ ቢበላውም ዱላዎቹን ጭኑ ላይ ተጭኖ በሆዱ ቆጠረ።

ሦስተኛው ላይ ሳክስፎኑ ተንገዳገደ። አምስተኛው ላይ ጊታሩ በአንድ በኩል፣ ኪቦርዱ በሌላ በኩል ነጎዱ። ለካ እነዚያ ሁሉ አንባቢዎች ድምፁን ከወረቀት፣ ጊዜውን ግን ከነጎድጓድ ክንድ ነበር ሲያነቡ የኖሩት። ስምንት ሲሞላ ነጎድጓድ ገባ፤ በሰዓቱ የደረሰ እሱ ብቻ ነበር።

አለቃው አስቁሞ፣ ስንተኛው ምት ላይ ነህ ብሎ ሳክስፎን ነፊውን ጠየቀው። ሰውየው ወደ ድራሙ ዞረ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለው ነጎድጓድ። «ወረቀቱ እዚያ ነው።»

ነጎድጓድ አለፈ፤ ለሌሎቹ ዳግም እስኪፈተኑ ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው።

ሰኞ ነጎድጓድ ሁለተኛውን ገጽ ሊማር ሽማግሌው ቤት እንደተቀመጠ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ሳክስፎን ነፊው ነው፣ አንገቱን ደፍቶ። ነጎድጓድ ደጁን በትከሻው ሞላው።

«አስገባው፣ ወንበር አለ» አለ ሽማግሌው ከውስጥ፣ ቆርኪ እየደረደረ።

ነጎድጓድ ሰውየውን ትክ ብሎ እያየ በሆዱ ስምንት ቆጠረ። ዘጠነኛው ላይ ከበሩ ዞር አለ።