ስንት ክረምት ልጠብቀው?

ኧረ ተዉኝ! ያን የችሎት ቀን ስንት ጊዜ ልጮህ አፌን ከፍቼ በነጠላዬ እንደወተፍኩት የማውቀው እኔ ነኝ።

ወንድሜ ጓንጉል ማሳ በሚያጠጣ የጎርፍ ውሃ ተራ ተጣልቶ የጎረቤታችንን የኡሙሰልማን አንድያ ልጅ ገደለ። አልደብቅም፣ ገድሏል። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤት አስታርቀው፣ ካሳው ተከፍሎ፣ "ከእንግዲህ ይህን ደም በአፉ ያነሳ ዕርቁን አፈረሰ" ብለው አስማሉን። ዕርቅ ፈረሰ ማለት ደግሞ በእኛ አገር ቀጣዩ ሟች ታናሽ ወንድሜ እሸቴ ነው።

ድሮ ቢሆን ሽማግሌ ዳኛው ቢሮ ገብቶ ሹክ ይልና ቅጣቱ ይቀል ነበር። አሁን አዲስ የቅጣት መመሪያ ወጣና ሁሉም በግልጽ ችሎት ይነገር ተባለ። ተዘዋዋሪው ችሎት አገራችን ቆቦ ሲመጣ ሰብሳቢ ዳኛዋ ከጎጃም የመጡ ወጣት ናቸው። የእኛን መሐላ ከየት ይወቁት?

"ዐቃቤ ሕግ አሥራ አምስት ዓመት ጠይቋል" አሉ። "ዕርቅ ካለ ይቀንሳል፤ ግን እዚሁ ሕዝብ ፊት ልስማው። ታርቃችኋል?"

"አዎ" ማለት ደሙን በሕዝብ ፊት ማንሳት ነው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

"እናቴ፣ የሟች እናት እርስዎ ነዎት። ታርቀዋል ወይስ አልታረቁም?"

ኡሙሰልማ ሻሿን አጠበቀች እንጂ ትንፍሽ አላለችም። አይ አንቺ! አልኩ በሆዴ። መሐላውን ተከልላ ልትበቀለን ነው። አፈር ብይ ብዬ ረገምኳት። ጓንጉል ካቴናውን ያያል።

"ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቀው" አሉና ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ያኔ ኡሙሰልማ ተነሳች።

"እኔ ያለፈ አላወራም፣ ልጄ። የማወራው ስለ ማሳዬ ነው። አራሽ የለኝም። ከእንግዲህ የሚያርስልኝ፣ ስታመምም ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰኝ ይሄ ነው" ብላ ጓንጉልን በጣቷ አሳየች። "ስንት ክረምት ልጠብቀው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

ዳኛዋ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው "ቃላቸው እንዳለ ይጻፍ። ፍርድ ቤቱ ይህን እንደ ዕርቅ ወስዶታል" አሉ። ምክንያቱን አንድ በአንድ አንብበው ሲጨርሱ ስምንት ዓመት ፈረዱበት።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ኡሙሰልማ ግን አጠገቤ መጥታ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥራለች።

"ስምንት ክረምት… እኔ እንኳ በሕይወት አልደርስበትም" አለችኝ ቀስ ብላ። "አብሽሪ፣ እሱ ግን ይወጣል።"

እኔ ረጋሚዋ፣ ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ።