ከማክሰኞ የማታልፈው ላፕቶፕ

ሰው ላፕቶፕ ስንት ዓመት ይይዛል? ጠጋኙን ብትጠይቁት አራት ዓመት ይላችኋል፣ ቢበዛ ስድስት። ጡረተኛው ቀለም ቀቢ ቤት ያለችው ግን ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክዳኗ በፕላስተር ተይዟል፣ ያለ ሶኬት አትሠራም፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አይነካካትም፣ ማራገቢያዋ ሲነሳ ደግሞ ጎረቤት ወፍጮ ቤት የተከፈተ ይመስለዋል። ጠጋኙ ባለፈው ሲያያት፣ «አባባ፣ ይቺን እኮ መጠገን ሳይሆን መጦር ነው የሚያስፈልጋት» ብሎ ቀልዶ ነበር።

ጠጋኙ አንድ ነገር ሊያስተካክል ፈልጓል። በላፕቶፗ ሆድ ውስጥ የእጅ ሰዓት ባትሪ የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ ቀን የምትቆጥረው እሷ ናት። እሷ ሞታለች። ስለዚህ ላፕቶፗ ከሶኬት በተነቀለች ቁጥር ዘመኑን ትረሳና፣ መልሰው ሲያበሯት ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን ታሳያለች፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የነበረ አንድ ማክሰኞ። «የሻይ ዋጋ ናት፣ አሁኑኑ ልቀይርልዎት» ቢለው ቀለም ቀቢው ወይ ፍንክች። «እንዳትነካት» አለና ብብቱ ሥር ወሽቋት ወጣ።

አርጅቶ ነው፣ ንፉግ ነው የሚል ይኖራል። ሁለቱም አይደለም፤ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ሚስቱ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ዳኛው ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ ጽፋ የምትጨርስ፣ ጣቷ እሳት የሆነ ሴት። ከሁሉ በፊት የምትጽፈው ቀኑን ነው፤ ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት እንደ ወረቀት አትቆጥረውም። ጡረታ ከወጣች በኋላ መርሳት መጣባት። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት፣ ቀጥሎ የሰው ስም። ጣቷ ግን ሥራውን አልረሳም። በየጧቱ ቁርሷን በልታ ጠረጴዛው ጋ ትቀመጣለች፣ ላፕቶፗን ትከፍታለች፣ ጥግ ላይ ያለውን ቀንና ዓመተ ምሕረት ታያለች፣ ገጹ አናት ላይ ትጽፈዋለች። እንግዲህ ያን ቀን የምትውለው በዚያ ቀን ውስጥ ነው። ባሏ ቢነግራት አታምንም፣ ሐኪም ቢነግራት አታምንም፤ የተጻፈውን ግን ታምናለች።

መጀመሪያ ላይ ላፕቶፗ እውነቱን ነበር የምታሳያት። ሴትዮዋ ቀኑን ጽፋ በጣቷ ትቆጥርና፣ «ልጃችን እኮ ሠላሳ ሁለት ሞላው፤ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ትላለች። ልጁ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በሦስት ቀን ሕመም ነው የሞተው። ይህን የምትነግራት ታናሽ እህቱ ነበረች። ቀለም ቀቢው ያን ጊዜ ከቤት ይወጣል። ለቀስተኛ ሁሉ ቀብሮ ሲመለስም፣ ከዚያም በኋላ፣ ልጁ ሞተ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚስቱን ለቅሶ በግድግዳው በኩል ይሰማል።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ጧት መብራቱ ሲመለስ ሴትዮዋ ተቀመጠች፣ ቀኑን አየች፣ ማክሰኞን ጻፈች። ከዚያ ዞር አለችና፣ «ዛሬ ልጁ ፈተና አለበት፤ ያመሻል» አለች። ፈገግ ብላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሸሚዞቹን ልተኩስ ብላ ስትፈልግ ዋለች፣ እያንጎራጎረች። ባሏ ይህን አይቶ ምን ያድርግ? በማግስቱ ሚስቱ ሳትነሳ ሶኬቱን ነቀለና መልሶ ሰካው። ከዚያ በኋላ አንድም ጧት አልዘለለም። ልጁ የት አለ ስትለው «ክፍል ገብቷል» ይላል፣ ሲመሽ «ጓደኛው ጋ ሊያጠና ነው» ይላል፣ እሷም ረስታው ትተኛለች።

ግን በዚያ ማክሰኞ ሴቷ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ታዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ጋዋኗን በክንዷ አንጠልጥላ ከላብራቶሪ ሥራዋ የምትገባው ረጅሟ ወጣት ማን ናት? እናቲቱ ነርስ ናት ብላ ቆረጠች። በፍርድ ቤት ወግ አክብራ ነው የምታነጋግራት። «ደከመዎት? አረፍ ይበሉ እንጂ። ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ትደርሳለች፣ ሳያይዋት እንዳይሄዱ» ትላታለች። ልጅቷም «እሺ፣ እጠብቃታለሁ» ትልና ጓዳ ገብታ ፊቷን ትታጠባለች።

ቀለም ቀቢው ይህን አላየም ልበል? አይቷል። አይቶም ዝም ብሏል። እዚህ ላይ እኔም እናደድበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ አንድ ካርቶን ይዛ ገባች። አዲስ ላፕቶፕ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች፤ ልትሄድ የቀራት ሁለት ቀን ነው።

«አባዬ፣ ያቺን አሮጌ አሁንስ ጣላት» አለች። «ትናንት እኮ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አንድ ቀን ቤቱን ታነድባችኋለች።»

«አይሆንም። እናትሽ ለምዳታለች።»

«ይቺንም ትለምዳታለች። ካሜራ አላት። በየጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ነርሷ ብላም ቢሆን ፊቴን ትየው፣ ጭራሽ እንዳትረሳኝ።»

ነርሷ ብላም ቢሆን። ቀለም ቀቢው ብርጭቆ ልታጥብ ስትገባ ተከተላት። ጓዳ ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ባትሪዋን፣ ማክሰኞን፣ ሶኬቱን።

ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ ማጠብ አቆመች። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየጧቱ?»

«በየጧቱ።»

«ያን ቀን እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አውቅ ነበር» አላት።

«እኔ በሽታው ከውስጧ የበላኝ ነበር የመሰለኝ» አለች። «ሌላውን ሁሉ ትቶ ከእኔ የጀመረ። ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ።»

«ስትስቅ አየኋት፣ ልጄ። ደግሞ ምን ልዋሽሽ፣ ለእሷ ብቻም አይደለም። እሷ ስታወራለት እኔም እስከ ምሳ ድረስ ልጅ ያለኝ ይመስለኛል።»

«ልጅማ አለህ» አለች ልጅቷ።

ቀለም ቀቢው አፈረ። በስልሳ ስምንት ዓመቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ትጮህብኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ልጅቷ እጇን በፎጣ አደረቀችና፣ «ተዋት በቃ፣ ትሳቅ። አዲሷን ለራስህ ተጠቀምባት» ብላ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ገባች።

የምትሄድበት ቀን ደረሰ። አውቶቡሷ የሚነሳው አራት ሰዓት ላይ ነው። ቀለም ቀቢው በጧት ተነስቶ አሮጌዋን ነቀላት፤ እንደ ሌላው ጊዜ መልሶ ግን አልሰካትም። አንስቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀላትና በቦታዋ አዲሷን አስቀመጠ።

ሚስቱ መጥታ ተቀመጠች። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«መሥሪያ ቤት ቀይሮልሽ ነው።»

«ገና ዛሬ ነው የታያቸው?» አለች።

ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች። ከዚያ ጻፈችው። ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች፣ አንዱን እጇን ጨርሳ ወደ ሌላው ሄደች። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። እናቲቱ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺ» አለች። «መቼ ነው እንዲህ የተመዘዝሽው? ነይ እስቲ።»

ልጅቷ ሻንጣዋን እዚያው ጣለችና እናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። ሴትዮዋ ፀጉሯን ሳመች፣ ፊቷን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እጇን ገልብጣ አየች። «ምነው እጅሽ እንዲህ ደረቀ?» አለቻት። ልጅቷ፣ «ሥራ ነው፣ እማዬ፤ ቀኑን ሙሉ ስታጠብ ነው የምውለው» አለቻት። እማዬ ካለቻት ሁለት ዓመቷ ነው።

ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ እናቲቱ የልጇን እጅ እንደያዘች በበሩ በኩል ወደ ውጭ ተመለከተች።

«ወንድምሽስ? ሠላሳ አራት ሞላው እኮ። ምነው አብሮሽ አልመጣ?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። እንደ ድሮው ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀለም ቀቢው፣ «ቆይ» አላት። «እኔ ልንገራት።» ወደ ግቢው የሚያስወጣው በር ክፍት ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ስቦ ሚስቱ ፊት ተቀመጠ።

«ልጃችን ሞቷል» አላት። «ታሞ ነው። ከሞተ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ሴትዮዋ ያለቀሰችውን ለቅሶ ልገልጸው አልሞክርም፤ ልጅ የቀበረ ያውቀዋል። ልጅቷን ግን አለቀቀቻትም። እያለቀሰች፣ «አንቺ አለሽልኝ፣ አንቺ አለሽልኝ» ትላት ነበር። የአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ፤ ልጅቷ የዘጠኝ ሰዓቱን ያዘች። እናቷ እስከ ግቢው በር ሸኝታት፣ «ስትደርሺ ደውይ፣ ልጄ» አለቻት።

በማግስቱ ጧት ቀለም ቀቢው ሚስቱ ሳትነሳ ጠረጴዛው ጋ ቆመ። አሮጌዋ ቁም ሣጥኑ ላይ ናት፤ ማውረድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዛሬን ብቻ ትረፍ፣ ትናንት በጣም ተጎድታለች አለ ለራሱ። ቢያወርዳት ግን ልጅቷ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደውል እናቷ ነርስ ልትላት ነው። ብዙ ቆመ፤ ከዚያ አዲሷን አበራት።

ሚስቱ መጣች። ዓይኗ ለምን እንዳበጠ አታውቅም፤ አቧራ ገብቶብኝ ይሆናል አለች። ቀኑን አየች፣ ጻፈችው፣ ቆጠረች።

«ልጆቹስ?» አለች።

«ሴቷ አሁን ትደውልልሻለች። ሥራ ይዛለች።»

ሴትዮዋ ደስ አላት። «ወንዱስ?»

ቀለም ቀቢው ወንበሩን ሳበ። ሁለት እጇን ያዘና ነገራት።