የወርቅአየሁ ቅኝት

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፋው ወልደየሱስ ክራሩን ለማንም አያውስም። ለልጁ ለጃለቱ ግን ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት ጣቶቿን ይዞ አስተምሯታል። የከለከላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አውታሮቹን የሚያጠብቁትን መቃኛዎች መንካት። ክራሩ የተቃኘው በሟች ሚስቱ በወርቅአየሁ ድምፅ ልክ ነው። ወርቅአየሁ በስደት አብራው መጥታ፣ ጃለቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በወባ ሞተች። ፎቶዋ እንኳ አልተረፈም። አውታሮቹ በላሉ ቁጥር ወልደየሱስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፅዋን ከልቡ እየፈለገ መልሶ ይቃኛቸዋል። ለጃለቱ እናት ማለት ያ ዝግ ያለ፣ ወፍራም ድምፅ ነበር።

ይሁን እንጂ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብቻዋን መጫወት ይሰለቻታል። መሰልቸት ኃጢአት አይደለም። እሷ ግን ኃጢአት መስሏት ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በ2004 መምህር ጃልደሳ ለትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ውድድር ልጆች ሲሰበስብ ጃለቱም ክራሩን ይዛ ሄደች። ዘፋኟ የፍየል ነጋዴው የአብዱብ ልጅ ዳሃቦ ነበረች። ሚሊዮን የሚባል የክፍላቸው ልጅ ደግሞ ባዶ ጀሪካን ታቅፎ ምት ይዟል። ጃለቱ ክራሩን ስትመታ ዳሃቦ ልትከተላት ሞከረች፤ ድምፅዋ ግን ጉሮሮዋ ውስጥ ሰምጦ ቀረ።

«ፖሌ፣ ይቅርታ፣ እኔ እዚያ ታች አልደርስም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እሷ ካልወረደች ክራሩ ይውጣላታ!» አለ ጃልደሳ። ለእሱ ምን አለበት!

ጃለቱ የዳሃቦን ድምፅ እየሰማች መቃኛዎቹን አዞረች። ዳሃቦ ዘፈነች፤ ጀሪካኑ ገባ። ጃለቱ አንድ አውታር ስትስት ዳሃቦ ጠበቀቻት፤ ዳሃቦ ትንፋሽ ሲያጥራት ጃለቱ ሞላችላት። ሰው ሲሳሳት ሌላው ይዞት እንደሚያልፍ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ሳቋ ማቆሚያ አጣ። በጣም ደስ አላት።

ደስታው የቆየው ቤት እስክትደርስ ነው። አባቷ ሳይመጣ ክራሩን ወደ ቀድሞው ልትመልሰው ቁጭ አለች። አንዱን አላላች፣ ሌላውን አጠበቀች፤ አልሆነም። መጫወት እንጂ መቃኘት ማን አስተማራት? የእናቷን ድምፅ በገዛ እጇ አጥፍታ ክራሩን እንዳቀፈች አለቀሰች።

ወልደየሱስ እንደገባ አውታሮቹን አንድ ጊዜ ብቻ ዳሰሳቸው።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ አባዬ። ዳሃቦ እዚያ ድረስ መውረድ አቃታት። እኔም ብቻዬን መጫወት ሰለቸኝ።»

ክራሩን ወስዶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ክራሩን ይዞ ትምህርት ቤት መጣና ዳሃቦን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«እስቲ ልጄ፣ የምትወጂውን ዝፈኚ።»

እሷ ስትዘፍን እሱ በድምፅዋ ልክ አውታሮቹን አንድ በአንድ ቃኘ።

«ይህ ክራር መጀመሪያ በእኔ ድምፅ ነበር የተቃኘው» አለ ጃለቱን ሳያያት። «እናትሽ አልደርስም አለችኝ። ደስ እያለኝ አዞርኩላት።»

ሶሎሎ ከተማ በተደረገው ውድድር ሦስተኛ ወጡ፤ ዳኞቹ ጆሮ ቢኖራቸው አንደኛ ይወጡ ነበር። ሲመለሱ ጃለቱ ክራሩን አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«አሁን የእማዬን አድርገው።»

ወልደየሱስ ዓይኑን ጨፍኖ መቃኛውን ያዘ። ከዚያ ሳያዞረው ለቀቀውና ወርቅአየሁ ትወደው የነበረውን ዘፈን በአዲሱ ቅኝት ጀመረ። ከሁለት ስንኝ በኋላ ከፍ አለበት፤ ድምፁ ተሰበረ።

«ይቆይ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ዳሃቦ ነገ ትመጣለች?»

መጣች። ለትምህርት ናይሮቢ እስክትሄድ ድረስ፣ አራት ዓመት ሙሉ የወርቅአየሁን ዘፈን ዳሃቦ ዘፈነችው፤ ጃለቱ ክራሩን መታች፤ ወልደየሱስም ከሥር ከሥር ተቀበላቸው።