ወላጅ አምጪ

ቤቴል ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች። አያቷ አቶ ወንዳፈረው ከሁሉ በፊት ያዩት ይህን ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ጥሎ የሚበላ ይፈልጋል። ቦርሳውን ተሸክሞ የሚቆም ልጅ ሌላ የሚራገፍ ነገር አለው።

«አባባ፣ ነገ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ» አለች።

ሽማግሌው ያነሡትን የቆጮ ቁራሽ መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ቲቸር ሆሴዕ።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ላላጠፋ ልጅ ወላጅ አይጠራም።»

«አላውቅም አባባ።»

አቶ ወንዳፈረው ይህችን «አላውቅም» የምትባል ቃል ከልጅቱ በፊት ያውቋታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ ኬላ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ገመዱ መንገዱን አቋርጦ ይወጠራል፣ መኪናው ይቆማል፣ ሹፌሩ ይጠየቃል። «ከጣውላው ሥር ምን አለ?» አላውቅም። «ቡናው የማን ነው?» አላውቅም። ሰው ዋሽቷቸዋል፤ ፍተሻ ግን ዋሽቷቸው አያውቅም። ሥራውን ሲተዉ ገመዱን ጠቅልለው ቤታቸው ይዘው የገቡ ይመስላል። ጎረቤት እንቁላል ቢልክላቸው እንኳ ከምስጋናው በፊት «ምን ፈልጎ ይሆን?» የሚሉ ሰው ናቸው።

ቤቴል የሴት ልጃቸው የምሕረት ልጅ ናት። ምሕረት ከሆመቾ ወዲያ ባለ የገጠር ቀበሌ የጤና ሠራተኛ ስትሆን፣ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ልጅቱን አያቷ ዘንድ ስታመጣት አቶ ወንዳፈረው የተቀበሏት በአንድ ቃል ነበር። «ወላጅ አምጪ የተባልሽ ቀን ልብስሽን ትሸክፊያለሽ። እኔ በስተርጅናዬ የልጅ ጥፋት ልሰማ ደጅ አልጠናም» ብለዋታል። ቃላቸውን አያጥፉም፤ ልጅቱም ይህን ታውቃለች። አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት። ከዚህ ቤት ከወጣች ትምህርቷ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

«ቦርሳውን አምጪ» አሏት።

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ደብተሮች፣ እስክሪብቶ፣ የማስመሪያ ስባሪ፣ በላስቲክ የተቋጠረ የበቆሎ ቆሎ። የቦርሳውን ገበር በጣታቸው ዳበሱ፣ ስፌቱን ተከትለው ዳር እስከ ዳር ሄዱ። ምንም የለም። ይህም ጥርጣሬያቸውን አላበረደውም። ባዶ ሆኖ የተገኘ መኪና ብዙ ጊዜ ጭነቱን ከኬላው በፊት ያወረደ ነው።

«ሰው መትተሻል?»

«አልመታሁም።»

«የሰው ዕቃ ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

«አስተማሪ ተሳድበሻል?»

«ኧረ አልተሳደብኩም።»

«ታዲያ ናፍቄያቸው ነው የጠሩኝ?»

የልጅቱ ዐይን አንዴ ወደ ግድግዳው ሄዶ ተመለሰ። እዚያ፣ ምስማር ላይ፣ አለንጋው ተሰቅሏል።

አቶ ወንዳፈረው አለንጋውን ብዙም አያወርዱትም። አንድ ቀን ግን፣ ቤቴል ገና እንደ መጣች ሰሞን፣ ላምባ ደፋችና በራሷ እግር መጥታ «አባባ፣ እኔ ነኝ የደፋሁት» አለቻቸው። ገረፏት። ሲጨርሱም «እውነት ስለ ተናገርሽ ቀንሼልሻለሁ» አሏት። ቸርነት ያደረጉ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የተሰበረ ዕቃ ሁሉ ሰባሪ የለውም። ልጅቱ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው የመነጽራቸው ነገር ነው። ባለፈው ያሆዴ ሰሞን፣ ሰው ለበዓሉ ሲገባ ሲወጣ፣ ጆሮ ላይ የሚውለው አንዱ ጎኑ ተሰብሮ መስኮቱ ላይ ተገኘ። ጠየቁ፤ አላውቅም ተባሉ። የጎረቤታቸውን የአቶ ደስታን ልጆች ጠረጠሩና ግቢያቸውን እንዳይረግጡ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከአቶ ደስታ ጋር ሰላምታቸው በአጥር ላይ የሚጣል ሆነ። መነጽሩ በጥቁር ክር ታስሮ እስካሁን አፍንጫቸው ላይ አለ። ባጠለቁት ቁጥር ነገሩ እንደ አዲስ ይቆጠቁጣቸዋል።

ስልካቸውን አንሥተው ምሕረት ጋ ደወሉ።

«ቅዳሜ ነይና ልጅሽን ውሰጂ።»

«ምነው አባዬ፣ ምን አጠፋች?»

«ነገ ይነግሩኛል።»

«ሳይነግሩዎት ነው እንዴ የፈረዱባት?»

«ወላጅ የሚጠራው ለሠርግ አይደለም» አሉና ዘጉት።

ቤቴል ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። ደብተሮቿን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፣ ቆሎውንም መልሳ ቋጠረች። አቶ ወንዳፈረው አለማልቀሷንም ጠረጠሩት።

በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው። ባጃጆች ውኃውን ለእግረኛ እያካፈሉ ያልፋሉ። ቤቴል ከኋላ ልትከተላቸው ስትል ከዘራቸውን ወደ ፊት ጠቆሙ። የተያዘ ሰው ከኋላ አይሄድም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ገብረወልድ የድሮ ትውውቃቸው ነው። ገና ሲያያቸው ከበርጩማው ተነሣ።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ እርስዎም ተጠሩ?»

«ተጠራሁ። ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«ሞልቷል እንጂ። ዘንድሮ ነገሩ ተገለባብጧል። ወላጅ ተክዞ ይገባል፣ ስቆ ይወጣል። ሰሞኑን አንዷማ የሌላ ሰው ልጅ ነገር የነገሯት መስሏት፣ ተመልሳ ገብታ አጣርታ ነው የወጣችው።»

«ምን ሰጥተዋቸው ነው የሚስቁት?»

«ምን ይሰጣሉ? ወሬ ነው እንጂ።»

«ለወሬ የሚስቅ ሰው አላየሁም።»

«እርስዎስ ለምን ስቀው ያውቃሉ?» አለ ገብረወልድ፣ በሩን እየከፈተላቸው።

አቶ ወንዳፈረው በልባቸው ነገሩን የደረሱበት መሰላቸው። መዋጮ ነው። አጥሩ ዘሟል፤ ሊታጠር ነው። ወላጁን አሞግሰው አሞግሰው ሲያበቁ ባሕር ዛፍ ይጠይቁታል። ድሮም ኬላ ላይ «ጋሼ፣ እንዴት አምሮብዎታል» የሚል ሹፌር ከጣውላው ሥር አንድ ነገር አያጣም።

ቲቸር ሆሴዕ የአንጋጫ ልጅ ነው። ወጣት፣ ቀጭን፣ አማርኛውን እንደ ወንዝ መሻገሪያ ድንጋይ እያየ እየረገጠ የሚናገር። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ቤቴል ውጭ፣ በሩ አጠገብ ቀረች።

«ስንት ነው?» አሉ አቶ ወንዳፈረው።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«መዋጮው።»

«መዋጮ የለም» ብሎ ሳቀ። «ስለ ቤቴል ነው የጠራሁዎት።»

«እንግዲያው ያጠፋችውን ንገረኝና ልሂድ። ቅዳሜ እናቷ ትወስዳታለች።»

የአስተማሪው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። «የት ነው የምትወስዳት?»

«ከሆመቾ ወዲያ።»

«እዚያ ስድስተኛ ክፍል አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ትወስዳታለች?»

«ስላጠፋች።»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ አላጠፋችም። ማለቴ፣ አጥፍታለች። ግን የጠራሁዎት ለጥፋቱ አይደለም።»

«አንዱን ምረጥ።»

አስተማሪው ወንበሩን አስጠጋ። «ባለፈው የክፍሉ መስኮት በኳስ ተሰበረ። ገባሁና ማን ነው አልኩ። ሁሉም ጣሪያ ያያል። ቤቴል ተነሣች። ‹ቲቸር፣ እኔ ነኝ› አለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ጓደኞቿም አልጠቆሙባትም። ከዚያ በፊትም የሰሌዳ ማጥፊያ ጠፍቶባት መጥታ ነግራኛለች። እኛ ደግሞ ዘንድሮ አንድ ነገር ጀምረናል። ወላጅ ለጥፋት ብቻ ሲጠራ ትምህርት ቤት እንደ ፖሊስ ጣቢያ ሆነ። ስለዚህ ጥሩ ላደረገ ልጅም ወላጅ እንጠራለን። ለልጆቹ ምክንያቱን አንነግራቸውም፤ ድንገት ሲሆን ደስ ይላል ብለን ነው።»

«ድንገት ሆኗል» አሉ አቶ ወንዳፈረው።

አስተማሪው ፈገግ አለ። የምስጋና ቃል መስሎታል።

«ሌላ ቤቴል የለችም እዚህ ክፍል?»

«የለችም፣ ጋሼ።»

«ሳትመታት ነው የተናገረችው?»

«እኔ ልጅ አልመታም። መስኮቱ ላይ ላስቲክ አብረን ወጠርንበት፤ በቃ። በኋላ ለብቻዋ ጠርቼ ‹አልፈራሽም?› አልኳት። ‹እዚህ እኮ ከተናገሩ ያልቃል› አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ። ይሄ እቤት የለመደችው ነው ብዬ አሰብኩ። ዓርብ የወላጆች ስብሰባ አለን። እንዴት እንዳሳደጓት ለሌሎቹ እንዲነግሩልኝ ነው የፈለግሁት።»

አስተማሪው ሌላም ሌላም ተናገረ። አቶ ወንዳፈረው ግን አንዲት ቃል ላይ ቀርተው ነበር። «እዚህ።» ኬላ ላይ ያረጀ ሰው ሹፌሩ ካለው ይልቅ የዘለለውን ይሰማል። «ቡና አልጫንኩም» ያለ ሌላ ነገር ጭኗል። «እዚህ ከተናገሩ ያልቃል» ያለች ልጅም ሌላ ቦታ ተናግራ አላለቀላትም። አስተማሪው ቃሏን አመስግኖ አሳለፈው፤ ውስጡን አልፈተሸም። ወይስ ፈትሾ እየወጋቸው ይሆን? ፊቱን በክር በታሰረው መነጽር አተኩረው አዩት። ወጣቱ የተናገረው ከልቡ ነበር። ይህ ደግሞ ባሰባቸው።

«ዓርብ አይመቸኝም» ብለው ተነሡ።

ቤቴል በሩ አጠገብ ፊታቸውን ለማንበብ ቀና አለች። እሳቸውም «ክፍልሽ ግቢ» አሉና ሄዱ። ገብረወልድ ሳይስቁ መውጣታቸውን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ።

ቤታቸው ሲደርሱ ቁጭ አሉ፣ ተነሡ፣ እንደ ገና ቁጭ አሉ። ከዚያ ምሕረት ጋ ደወሉ።

«ቅዳሜ ስትመጪ ለጥየቃ ነይ። አትወስጃትም።»

«እሰይ። ምን አድርጋ ኖሯል?»

«መስኮት ሰብራ።»

«እና?»

«ተናግራ።»

ምሕረት በቀስታ ሳቀች። «እኔም እኮ በልጅነቴ እዚያ ቤት ብዙ ሰብሬያለሁ፣ አባዬ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«አልነግርዎትም።»

ማታ ሲቃረብ ቤቴል መጣች። እንደ ትናንቱ ቦርሳዋን አላወረደችም።

«አውርጂው» አሏት። «አስተማሪሽ አመስግኖሻል። ስለ መስኮቱ ነገረኝ። እናትሽም ልታይሽ ነው የምትመጣው፤ የትም አትሄጂም። ትምህርትሽን ትማሪያለሽ።»

«እሺ» አለች። ፊቷ ግን አልተፈታም። ዐይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ሄዶም እዚያው ቀረ። ምስማሩ ባዶ ነው። ልጅቱ ወደ አያቷ እጅ አየች፣ ወደ ጋቢያቸው ሥር አየች፣ ወደ በሩ ጀርባ አየች። አለንጋው ተሰቅሎ ሳለ ቢያንስ ያለበት ይታወቅ ነበር።

«የት ሄደ?» አለች።

«ቆረጥኩት። የግቢው በር ማሰሪያ አልነበረውም፤ እሱን አደረግሁበት።»

ቤቴል ቦርሳዋን እንደ ተሸከመች ወጣች። አቶ ወንዳፈረው በመስኮቱ ተመለከቱ። ልጅቱ ወደ ግቢው በር ሄዳ ጠፍሩን በጣቷ ዳሰሰች፣ ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ አየች። አልተቆጡም። ማጣራትን ከማን እንደ ተማረች ያውቁታል።

ተመልሳ ቦርሳዋን አወረደች። ራት ቀረበ። ጥቂት ጎረሰችና፣

«አባባ፣ የሻይ ብርጭቆው» አለች።

«የቱ ብርጭቆ?»

«አንድ የጎደለው። እኔ ነኝ የሰበርኩት። ስብርባሪውን እንሰቱ ሥር ቀብሬዋለሁ።»

አቶ ወንዳፈረው ብርጭቆው መጉደሉን ያውቁ ነበር። ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። ቡና የሚያሳልፉ ሰዎች ከባዱን መኪና ቀድመው አይልኩም። በመጀመሪያ ቀላል ጭነት ይልካሉ። ኬላው ያን ካሳለፈ፣ ዋናው ከኋላ ይመጣል። በሥራቸው ዘመን በዚህ ዘዴ ማንም አላታለላቸውም፤ ቀላሉንም ይዘው ያስቀሩት ነበር።

«እሺ» አሉ።

ልጅቱ ጠበቀች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

አላመነቻቸውም። ማኘኳን አቁማ እጃቸውን ትጠብቃለች። አቶ ወንዳፈረው መነጽራቸውን አወለቁና በጠረጴዛው ላይ በሁለቱ መካከል አኖሩት፤ ክሩ የታሰረበት ጎን ወደ እሷ ሆነ። አንድም ነገር አልጠየቁም። ከቆጮው ቆርሰው ጎመኑን ጠቀለሉበትና መብላታቸውን ቀጠሉ። ያለ መነጽር ፊቷ ብዥ ብሎ ነው የሚታያቸው፤ ምን እንደምታስብ ሊያነቡት አልቻሉም። አለማየት አልለመዱም፤ ጭንቅ አላቸው። ቢሆንም አላነሡትም።

ቤቴል መነጽሩን አየች። ባዶውን ምስማር አየች።

«አባባ» አለች በመጨረሻ።

«እ?»

«የአቶ ደስታ ልጆች አይደሉም።»

አቶ ወንዳፈረው ጉርሻቸውን ዋጡ።

«እሺ» አሉ።