የጎማው ቤት

በ1966 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ብርሀንነሽ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ነርስ በረሃብ የሚሰደደውን ሰው እንድትረዳ ከደሴ ወደ ወሎ ቦረና ተላከች። ለማደሪያዋ የተሰጣት በላንድሮቨር የሚጎተት የቆርቆሮ ቤት ነበር። መንገድ ሊቀይሱ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ጥለውት የሄዱት ነው። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ የቡታጋዝ ምድጃና ጣሪያው ላይ የምትከፈት አንዲት የአየር መስኮት ነበረችው። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ስለማያውቅ «የጎማው ቤት» አለው።

ሾፌሩ አድማሴ የወግዲ ሰው ነው፤ ሃምሳን የተሻገረ፣ ንግግር የማያበዛ። ቤቱን መካነ ሰላም ከተማ ለመድረስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ሲቀር፣ ከዓባይ ቆላ የሚመጣው ዳገት ከሚያበቃበት ሜዳ ላይ አቆመው። ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈና እሱ መኪናው ውስጥ ማደር ጀመረ። ሥራቸው ከቆላ የሚወጣውን ሰው ወተት ማጠጣት፣ የታመመውን ማከም፣ መራመድ ያቃተውን በመኪና ከተማ ማድረስ ነበር።

ብርሀንነሽ ለረሃቡ ልቧን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ለብርዱ ግን አልተዘጋጀችም። ጠዋት ስትነቃ የገዛ ትንፋሿ ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ፣ ጤዛው ደግሞ ረግቶ ታገኘዋለች። የጀሪካኑ ውሃ እስከ ረፋድ አይቀዳም። ውጭ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ወፍ እንኳ አይንጫጫበትም። በሦስተኛው ቀን ከጣሪያው የሚወርደው ነፋስ አላስቀምጥ ሲላት ባዶ የዱቄት ወተት ከረጢት ጠቅልላ የአየር መስኮቷን ወተፈችው።

ደሴ ላይ አንድ ትእዛዝ ተሰጥቷት ነበር፤ ማንም ስደተኛ እቤቱ እንዳያድር የሚል። የተፈራው ተስቦ ነው። ቅማሉ ወደ ነርሷ ቢሻገር ያ ሁሉ ሰው ያለ ሐኪም ይቀራል። ትእዛዙ ልክ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉም ጠበቀችው።

ጀብሪል የሚባል የቆላ ገበሬ ሚስቱን ሐረግንና የስድስት ዓመት ልጁን አልታየችን ይዞ የደረሰው ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ነው። ታናሽየዋን ልጅ ከመንገድ ቀብረው ነበር የመጡት። በዚያ ሰሞን የመኪናው ባሌስትራ፣ ከጎማው በላይ ያለው ተሸካሚ ብረት፣ ተሰብሮ ምትኩ ከደሴ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ከተማ የሚያደርሳቸው አልነበረም።

«እህቴ፣» አላት ጀብሪል፣ «እኔ መካነ ሰላም ዘልቄ እህል ይታደላል የሚሉትን ልየው። እነሱ እግራቸው ከድቷቸዋል። እስክመለስ አደራሽን።»

«የት አስቀምጬልህ? ያለኝ ሜዳው ነው።»

«ከጎማው ሥር ይጠጉ። ነፋስ ይከልላቸዋል። ሌላውን አላህ ያውቃል።»

ከጎማው ሥር ተጠጉ። በዚያ ሳምንት ሜዳው ላይ ሦስት ሰዎች በውርጭ ሞቱ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ብርሀንነሽ ወተት ይዛ ስታጎነብስ የአልታየች ፀጉር በአመዳይ ሸብቶ፣ ከእናቷ ኩታ ጋር ተጣብቆ አየች። ልታላቅቀው ብትሞክር ልጅቷ ጮኸች። መቀስ አምጥታ ፀጉሯን ቆረጠችና፣ «ተነሱ፣ ግቡ» አለች።

መጀመሪያ ልብሳቸውን ቀቀለች፤ ራሳቸውን ላጨች፤ የቅማል መድኃኒት ነፋችባቸው። አድማሴ ቆሞ ያያት ነበር።

«ትእዛዙን ተውሽው እንግዲህ?»

«ተውኩት ጋሽ አድማሴ።»

«ሜዳው አይቷል ልጄ። ለሁለት ከፍተሽ ለሌላው ምን ልትይ ነው?»

በማግሥቱ ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ከረጢትና ብርድ ልብስ አከፋፈለች፤ የቀራትን የራሷን ሹራብም ሰጠች። ሲመሽ የጎኑን የመስታወት መስኮት መጋረጃ ዘጋች።

ሐረግ ወተቱ ሰውነቷ ሲገባ ጨዋታ የምታውቅ ሴት ሆና ተገኘች። «ይህ ቤት ጎማ እያለው፣» አለች አንድ ቀን፣ «ረሃቡ ሲመጣ ምነው ሳይሸሽ ቀረ?» ብርሀንነሽ ወደ ሜዳው ከመጣች ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሐረግ አልጋውን ወደደችው። አልታየች ግን ከፍታው አስፈርቷት፣ ደግሞም ሰው ሲንቀሳቀስ ቤቱ ስለሚወዛወዝ፣ እበሩ ሥር ካልሆነ አልተኛም አለች። በር ላይ ያለው ብርድ ነው ቢሏትም አልሰማችም።

እንዲህ አምስት ቀን ኖሩ። በስድስተኛው ቡታጋዙ አለቀ። ያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራጌ የሚባል የዚያው አካባቢ ገበሬ እየሮጠ መጣ። ምራቱ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል። ብርሀንነሽ ቦርሳዋን አነሳች፤ አድማሴም ሊሸኛት ዱላውን ያዘ። ከመሄዷ በፊት የአድማሴን የከሰል ምድጃ ውጭ አቀጣጠለች። ጢሱ አልቆ ፍም እስኪሆን ጠበቀችና ምድጃውን አስገብታ ከሐረግ አልጋ አጠገብ አኖረችው።

«በሩን አትክፈቺ፣» አለቻት። «ልጅቷ ሳል አለባት።»

«አብሽሪ፣» አለች ሐረግ። «አንቺ ለዚያች ድረሺላት።»

የአራጌ ምራት ሊነጋጋ ሲል ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናትም ልጅም ደኅና ነበሩ። አራጌ ከሌለው ላይ አንድ ቁራሽ የገብስ ዳቦ ሰጣት፤ ለሐረግ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ወደ ሜዳው ሲመለሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ብርሀንነሽ የልጁን ራስ እንዴት እንዳዞረችው ለአድማሴ በእጇ እያሳየች፣ ደስ ብሏት ነበር የምትራመደው።

በሩን አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ስትከፍተው አልታየች አስመልሷት፣ አፍንጫዋን ከበሩ ስንጥቅ ላይ ደፍታ ተኝታለች፤ ትተነፍሳለች። ሐረግ አልጋው ላይ በጀርባዋ ናት። ጉንጯ ቀልቶ፣ ከመጣች ጀምሮ ታይቶባት የማያውቅ ወዝ ፊቷ ላይ ነበር። ብርሀንነሽ እጇን ያዘች፤ ደረቷን ገፋች፤ ስሟን ጠራች። ከዚያ ቀና ስትል ጣሪያው ላይ በገዛ እጇ የወተፈችውን ከረጢት አየች።

አድማሴ ልጅቷን ፀሐይ ላይ አውጥቶ አስቀመጠና ተመልሶ ገባ። ዓይኗን ተከትሎ ወደ ላይ አየ። እጁን ሰዶ ከረጢቱን መዘዘው፣ ካፖርቱ ውስጥ ከተተው።

«ተስቦ ነው፣» አላት። «ሰምተሻል? ተስቦ ነው የገደላት።»

ሜዳው ላይ ከነበሩት እስላም ሴቶች ጠና ያሉት እትዬ ይርገዱ ሬሳውን ሊያጥቡ መጡ። ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አቁመው ውሃው እስኪፈታ ጠበቁ። «አንቺ ቅጂልኝ፣ እኔ አጥባለሁ» አሏት ብርሀንነሽን። ስትቀዳ ውሃው ከጣሳው አልፎ መሬት ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ከብርዱ መስሏቸው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አሁን እንጨርሳለን» አሉ።

ጀብሪል የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እህሉ እስኪታደል ተራ ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ በጋቢው ጫፍ ጥቂት ስንዴ ቋጥሯል። ልጁን ብቻዋን ሲያይ ቆመ። አድማሴ ወደ እሱ ሄደ።

«አላህ ያጽናህ ወንድሜ። ተስቦው ነው...»

«አይደለም፣» አለች ብርሀንነሽ ከኋላው። «ጋሽ አድማሴ፣ ይተዉኝ ልንገረው።»

ነገረችው። ከሰሉን፣ ከረጢቱን፣ በሩን አትክፈቺ ማለቷን፣ አንዱንም አላስቀረችም። ጀብሪል መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። የቋጠረው ተፈቶ ስንዴው ሲፈስ አልታየች እየለቀመች ጥሬውን መብላት ጀመረች።

«በልታ ነበር?» አላት።

«በልታለች። ወተትና አጥሚት።»

«በርዷት ነበር?»

«አልበረዳትም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ከጎማው ሥር ብትቀር ውርጩ ይወስዳት ነበር ብዬ ልናገርልሽ ወደድኩ። ግን እንጃ። እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ።» መቃብሩ ላይ ዱዓ አድርጎ ልጁን በትከሻው ተሸከመና ወደ መካነ ሰላም መንገድ ገባ። ከኋላ ሲታይ የልጅቷ የተላጨ ራስ ከእሱ ራስ በላይ ይወዛወዝ ነበር።

ብርሀንነሽ የሆነውን ሁሉ ጽፋ ወደ ደሴ ላከች። ተጠርታ እንደምትጠየቅ እርግጠኛ ነበረች፤ ይልቁንም ትጠብቀው ነበር። ጥር አለፈ። የካቲት ላይ የአድማሴ ራዲዮ ስለ ወታደሮችና ስለ ተማሪዎች ማውራት ጀመረ። ሰኔ ላይ ደሴ ስትመለስ ደብዳቤዋን የተቀበሉት ኃላፊ ከሥራቸው ተነስተዋል። መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ። ከዚያ ረሃቡን ማን እንደደበቀ የሚመረምሩ ሰዎች መጡና ብርሀንነሽ ከመካከላቸው ወደ አንዱ ቀረበች። መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። ደብዳቤዋን እፋይሉ ውስጥ አገኘው፤ እዚያው ፊቷ አነበበው።

«አንቺ ጥፋት የለብሽም፣» አላት። «የድሮው ሥርዓት ነው የገደላት። እንደውም ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል።»

«ረሃቡን ያመጡት እነሱ ናቸው፣» አለች። «ከረጢቱን የወተፍኩት ግን እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ያልገባው መሰለ። ወረቀቱን ከሌሎች ብዙ ወረቀቶች ጋር አሰረው።

በ1968 ዓ.ም. ለምና መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ተመደበች። አንድ የገበያ ቀን ጀብሪልን ማሽላ ከፊቱ ዘርግቶ አገኘችው። መሬት ተሰጥቶታል፤ አግብቷል። እንደ ዘመድ ጨበጣት። አልታየች ከተማው ውስጥ ከአክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች አላት። ብርሀንነሽ ልትጠይቀው የፈለገችውን ከዓይኗ አወቀና ራሱ ቀደመ።

«አልነገርኳትም። እናትሽን ረሃብ ወሰዳት ነው ያልኳት፣ እንደ ሰው ሁሉ። ዕድሜዋ እስኪጠና ተይልኝ፣ እህቴ።»

«እተዋለሁ» አለች።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አንዲት ተማሪ እግሯን ሽቦ ቀዷት ጤና ጣቢያ መጣች። ፀጉሯ አድጎ በሁለት ተጎንጉኗል። ብርሀንነሽ ቁስሉን አጥባ፣ መድኃኒት አድርጋ፣ ካርዱን ለመሙላት ብዕር አነሳች።

«ስምሽ ማነው?»

«አልታየች ጀብሪል።»

«እናትሽስ?»

«ሐረግ። ሞታለች።»

ጻፈችው። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ እንድትመጣ ነገረቻት፤ መጣች። በስድስተኛውም ቀን መጣች። ቁስሉ ደርቆ ነበር። ብርሀንነሽ አሮጌውን ፋሻ ፈትታ፣ የሚያስፈልግ ባይሆንም በአዲስ ጠቀለለችላት፤ ቀስ ብላ፣ ጊዜ ወስዳ። ልጅቷ አመስግና ወጣች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።