አልሞት ያለኝ ባለ ቀይ ሸሚዝ

ባለ ቀይ ሸሚዙ ሰውዬ አልሞት ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከበርሜሉ ኋላ ብቅ ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፣ እኔም እንደ ድሮዬ መሃል ደረቱ ላይ አነጣጥሬ ቃታውን እስባለሁ። ሽጉጡ ይጮኻል፣ እጄ ላይ ይዘላል፣ ሰውዬው ግን ንቅንቅ አይልም። ይባስ ብሎ ይስቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስቆብኝ አያውቅም፤ መች ለመሳቅ ጊዜ ሰጥቼው አውቃለሁና።

እንዳትደነግጡ፣ ሰውዬው የሚኖረው የጨዋታ ማሽን ውስጥ ነው። ሽጉጡም የላስቲክ ነው። ንዴቱ ግን የእውነት ነው።

የሥራ ቤቴ ስፋቱ ሁለት እርምጃ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ደንበኛ ዞሮ ጀርባውን የሚያይበት መስታወት፤ ከዚያ ወዲያ ቦታ የለም። የሱሪ ጫፍ አጥፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሆድ ላወጣ ሰው ወገቡን አሰፋለታለሁ። ሆዴ ገባ ብሎ ሊያስጠብብ የተመለሰ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የኮረንቲ ጌም ቤት ነው። ኮረንቲ ድሮ መብራት ይዘረጋ ነበር፤ አንድ ቀን ገመዱ ይዞት ከመሰላል ላይ ሲያሽቀነጥረው ሥራውን እዚያው ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ መጣ።

ግድግዳው ስስ ነው። ጌም ቤቱን በከፈተ ሰሞን አንዲት ሴት ከወዲያ በኩል ቀኑን ሙሉ «ይወለድ፣ ይወለድ» እያለች ትጮኽብኝ ጀመር። መጀመሪያ ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ምጥ እንዲህ አይረዝምም ብዬ መቀሴን እንደያዝኩ ገባሁ።

«የምትወልደው ማናት? ለምን ሐኪም ቤት አትወስዷትም?» አልኩት።

ኮረንቲ ሳቁ እስኪያንቀው ሳቀ። ለካ ማሽኑ ነው። ጥይት ሲያልቅ «ሪሎድ» ይላል፣ አጉርሱ ማለቱ ነው።

«ታዲያ አጉርሱ አይልም?»

«ቋንቋችንን አያውቅም እኮ፣ እማማ።»

«እኔም የሱን አላውቅም፣ ስለዚህ ዝም ይበል።»

እሱን ዝም ማሰኘት ስላልቻለ እኔን ዝም ለማሰኘት ሽጉጡን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

አሮጊት ሆነሽ ምን ነካሽ የሚለኝ ብዙ ነው። ልንገራችሁ። ሌሎቹ ጨዋታዎች መያዣቸው ላይ አሥራ ምናምን ቁልፍ አለ፤ አውራ ጣት አንዱን ሲጫን ሌላው ጣት ሌላውን ይጫናል፣ ደግሞ በየመሃሉ የሚነበብ ነገር ይመጣል። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለቀምኩት ደንበኞች ሱሪያቸው ላይ ስማቸውን ጽፈው ከሚሰኩት ወረቀት ነው። ይሄኛው ግን የሚነበብ ነገር የለውም። ታያለህ፣ ታነጣጥራለህ፣ ይወድቃል። እማዬ ማለት ያልቻለ ሕፃን እንኳ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል፤ ይሄም ያው ማሳየት ነው፣ ድምፅ ተጨመረበት እንጂ።

ደግሞ መልሱ ወዲያው ነው። ደንበኛ ሱሪውን ለብሶ ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ከዚያ «ትንሽ አጠረ መሰለኝ» ይላል። ባለ ቀይ ሸሚዙ መሰለኝ አይልም። ተመታ፣ ወደቀ፣ አለቀ። በየመሃሉ ነጭ የለበሰች አንዲት ሴትዮ እጇን ወደ ላይ አንስታ ትሮጣለች፤ እሷን የመታ ይቀጣል። አንድ ቀን መትቻት አላውቅም፣ የምትገባበትን ሰዓት ሳይ ብዙ ጊዜ ቢያሰኘኝም።

እንግዲህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ዙር እተኩስና እጄ ፈታ ብሎ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስገባ ኮረንቲ ማሽኑ ፊት ቆሞ ጨርቅ ይዞ ይወለውላል። ሆዳሙን የድሮ ቴሌቪዥን አውጥቶ በምትኩ ቀጭን ስክሪን ገጥሞበታል።

«አዩት እማማ? የሰውዬው ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል» አለኝ።

አየሁት። ጥርሱን ቆጠርኩት። ከዚያ ተኮስኩ፣ አልሞተም። ሁለተኛ ተኮስኩ፣ አልሞተም። ጥይቱ አለቀ፣ አጎረስኩ፣ አልሞተም። ያን ቀን የሞትኩት እኔ ነኝ።

ኮረንቲ ሽጉጡን ፈታ፣ አፈሙዙ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መስታወት ወለወለ፣ መልሶ ገጠመው፣ ራሱም ሞከረው። እሱም ሳተ። «እኔማ ድሮም አልችል» ብሎ አስቀመጠው። ሌላ የሚሞክር ሰው የለም፤ ልጆቹ በሙሉ የኳስ ጨዋታው ላይ ተጣብቀዋል።

«ሽጉጡ ደህና ነው» አለ ጣቱን እያጠፈ፣ «ስክሪኑ አዲስ ነው። ታዲያ የቀረው ማነው፣ እማማ?»

«ማነው?»

«ዓይን ነዋ። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል።»

ደሜ ፈላ። «የድሮውን መልሰህ ግጠምና እንየው» አልኩት። ወገቡን ያዘ። ሁለት ሰው ካልሆነ አይነሳም፣ እሱ ደግሞ ከዚያ ከመሰላሉ ወዲህ ወገቡ ልክ አይደለም። ቴሌቪዥኑ እዚያው ጥግ ላይ አቧራ እየጠጣ ቁጭ ብሏል፤ አላንቀሳቅስ አለ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቅዳሜ ልጄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ኮረንቲ በር ላይ ጠብቆ ጆሮዋ ስር ገባ። «እማማ ዓይናቸው ደከም ብሏል መሰለኝ» አላት። ልጄ የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኗን ጨፍና በማይክሮስኮፕ የሰው ደም ስታይ ትውላለች። ሱቄን ለማስዘጋት ሁለት ዓመት ሙሉ ምክንያት ስትፈልግ ነበር፤ ኮረንቲ በሰሃን አድርጎ አቀረበላት።

«እማዬ፣ እኛ ቤት ክፍል አለ» አለች።

«መኖሩን አውቃለሁ። ሻንጣ ታስቀምጡበታላችሁ።»

«መርፌው ጣትሽ ውስጥ ሲገባ ነው የሚታይሽ?»

«አርባ ዓመት ያልገባ አሁን ምን ብሎ ይገባል።»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ልቤ ተሸብሮ ነበር። አንዴ እለካ የነበረውን ሁለቴ መለካት ጀመርኩ፤ ሁለቴ የለካሁትን ሳላምነው ሦስተኛ እለካለሁ። እንዲህ ስፈራ ስቸር የአንዱን አስተማሪ ሱሪ አንዱን እግር በአንድ ጣት አሳጥሬ ሰፋሁት። እኔ። ፈትቼ እንደገና ልሠራው ሰቅዬው ሳለ ልጄ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገባችና አየችው። ሁለቱን እግሮች አስተካክላ ይዛ ዝቅ ብላ አየቻቸው፣ ልክ ደም እንደምታይበት። ሱሪውን መልሳ ሰቀለችው። ስትወጣ ብቻ «በሚቀጥለው ሳምንት ካርቶን ይዤ እመጣለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ቁልፉን እናስረክባለን» አለች።

በማግስቱ ከቀጭን መርፌ ሁሉ ቀጭኑን አወጣሁ። ክሩን ሳልልስ በአንዴ አስገባሁት። አወጣሁት፣ ደግሜ አስገባሁት። በር ላይ ወጥቼ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ታፔላ አነበብኩ፣ ሥር በደቃቁ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ጭምር። የመርፌ ቀዳዳ የሚያገኝ ዓይን የበር ያህል ሰውዬ እንዴት ይስታል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያልጣመኝ።

ቅዳሜ ልጄ እንዳለችው አራት ካርቶን ይዛ መጣች።

«እዘጋለሁ» አልኳት።

ደነገጠች። ለጭቅጭቅ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«ዛሬውኑ ቁልፉን እሰጥሻለሁ። ግን ያ ባለ ቀይ ሸሚዝ ነው ዓይኔን የመሰከረብኝ። ሂጂና አንቺ ግደዪው። አንድ ጊዜ ብቻ ከመታሽው ዓይኔ ጠፍቷል፣ አፌን እዘጋለሁ።»

«እማዬ፣ እኔ የልጅ ጨዋታ ልጫወት ነው የመጣሁት?»

«ቀላል ነው ማለት ነው። ቶሎ ትጨርሻለሽ።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ሽጉጡን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደሚያዝ ይዛ ተኮሰች። ሰውዬው ሳቀ። ቦርሳዋን አወረደች። እንደገና ተኮሰች፣ ሳቀ። አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ያንን የመንግሥት ደሞዝ የሚከፈልበትን ዓይኗን ገለጠች፣ ሳቀ። ጫማዋን አወለቀች። ኮረንቲ ሊረዳት ጠጋ ሲል በክርኗ መለሰችው።

«ያንቺም ዓይን ይታይ እንዴ?» አልኳት። «እኛ ቤትም ክፍል አለ።»

«ቆይ እማዬ።»

«ካርቶኑ ለሁለታችንም ይበቃል።»

«ቆይ አልኩሽ እኮ።» ወደ ኮረንቲ ዞረች። «መቼ ነው እንዲህ የጀመረው?»

«ምኑ?»

«አለመምታቱ።»

«እንግዲህ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

«ከሦስት ሳምንት በፊት ምን ቀየርክ?»

«ስክሪኑን።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምንም።»

«ታዲያ እሱን መልሰዋ» አለችው፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር ቀስ ብላ።

ይሄንን ቃል በቃል የነገርኩት እኔ ነበርኩ። እኔ ስናገር ወገቡ ያመመው ሰውዬ፣ ነጭ ጋውን የምትለብስ ሴት ስትናገረው እጅጌውን ሰብስቦ ሮጠ። ልጄ በባዶ እግሯ አንዱን ጎን ያዘች፣ እሱ ሌላውን፤ ሆዳሙን ቴሌቪዥን እያቃሰቱ መልሰው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። እኔ አቧራውን ጠረግኩ፤ ከዚያ በላይ አልረዳኋቸውም፣ ዓይኔ ደካማ ነዋ።

ምስሉ ደብዘዝ ብሎ መጣ። ሰውዬው ከበርሜሉ ኋላ ብቅ አለ። ልጄ ተኮሰች። ሽጉጡ ሳይጮኽ የወደቀ እስኪመስል ሰውዬው በግንባሩ ተደፋ።

«ሞተ» አለች ልጄ። ድምፅዋ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

ኮረንቲ ስክሪኑን ለሸጠለት ሰው ደወለና ጥግ ይዞ አወራ። ሲመለስ አንገቱን ደፍቷል። «ሽጉጡ ውስጥ ያለችው መስታወት የሱ ዓይን ናት አሉ። የምታየው የድሮውን ቴሌቪዥን ብርሃን ነው። ቀጭኑን ጨርሶ አታየውም።»

«ዕውሩ ሽጉጡ ነው በለኛ።»

«እንደዚያ ማለት ነው።»

«እኔን ግን ዕውር ለማለት ስልክ መደወል አላስፈለገህም።»

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«ሦስት ሳምንት ነው፤ አንድ ይቅርታ አይበቃውም። በል ዘወር በል፣ ተራዬ ነው።»

ልጄን ከሽጉጡ ማላቀቅ ቴሌቪዥኑን ከማንሳት ይከብድ ነበር። አላቀቅኳት። ቆምኩ፣ እግሬን ከፈት አደረግኩ፣ ጀመርኩ። ባለ ቀይ ሸሚዙ ለመሳቅ አፉን ሲከፍት አገኘሁት። በሰገነት ያሉትን ሁለቱን፣ ከመኪናው ሥር የሚወጣውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ነጭ ለባሿን አሳለፍኳት። ልጄ ከኋላዬ «እማዬ፣ አንቺ እኮ አደገኛ ነሽ» ትላለች። ኮረንቲ ያጨበጭባል።

እነሱ ያላዩትን ግን እኔ አየሁት፣ ወይም በትክክል ለመናገር፣ አላየሁትም። በግራ በኩል ዳር ላይ ካለው በር የሚወጣ አንድ አጭር ሰውዬ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩ ሳይከፈት ነበር የምጠብቀው። ዛሬ ከወጣና ከተኮሰብኝ በኋላ ነው መኖሩን ያወቅኩት። ሁለተኛ ሲመጣም እንደዚያው። ቀኝ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ በግራው ብቻ ሳይ በሩ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል።

ማንም አላየም። ልጄ ካርቶኖቿን አጣጥፋ ብብቷ ሥር አድርጋለች፣ ፊቷ ላይ ሱቁን የመዝጋት ነገር የለም። ዝም ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትክክል መሆኔን ስጮኽ ከርሜ፣ ትክክል ሆኜ በተገኘሁ በሩብ ሰዓቱ እንዲህ ያለ ነገር አፌን ሲበላኝ ምን ያህል እንዳናደደኝ አልነግራችሁም። ግን ያ የአስተማሪው ሱሪ ትዝ አለኝ፤ ያጠረው የግራው እግር ነበር።

«ስሚ» አልኳት ወደ ሥራ ቤቴ ይዣት ገብቼ። «የግራ ዓይኔ ዳር ዳሩን አያይም።»

ልጄ ካርቶኑን ወደ ወለሉ ማውረድ ጀመረች።

«አስቀምጪው አላልኩም። ያዢው።»

«እማዬ፣ አሁን እኮ ራስሽ...»

«ራሴ ነኝ ያልኩት፣ ራሴው እጨርሰዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። አንቺም ትመጫለሽ፣ ሐኪሞች እኔን ሲያዩ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወሩት። መነጽር ካሉ መነጽር፣ ጠብታ ካሉ ጠብታ። ሱቁ ግማሽ ቀን ይዘጋል።»

«ሐኪሙ ይበቃሻል ካለስ?»

«እሱ ካለ ያኔ እሱን እሰማዋለሁ። እሱ ቢያንስ ዓይኔን ገልጦ አይቶ ነው የሚናገረው።»

ካርቶኑን መልሳ ብብቷ ሥር ከተተችው። መልሷን ለሰኞ አስቀመጠችው መሰለኝ። እኔ ወረቀት አወጣሁ፣ ጨርቅ በማሰምርበት ጠመኔ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ ደንበኛ ዝም ብሎ በር እንዳይደበድብ «ሰኞ እስከ ስድስት ሰአት ዝግ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየች።

«እማዬ፣ ሰዓት የሚጻፈው በአልፋው አይደለም፤ በዓይኑ ዓ ነው።»

«ዛሬ ዓይን የሚባል ነገር ደግመሽ እንዳታነሺብኝ» አልኳትና እንደጻፍኩት በሩ ላይ ለጠፍኩት።