ዓርብ ማን ያድርሳት?

«ነገ እኔ አደርሳታለሁ፤ አበቃ!» አሉ አክስት ኦርዲስ፣ ለቀስተኛ ያመጣውን የድንችና የሥጋ ትሪ ምድጃ ውስጥ እየከተቱ። «አንቺና ያ ሰውዬ ፊት ለፊት ከምትተያዩ፣ በዚህ ጉልበቴ በእግሬ ብወስዳት ይሻላል!»

ሊነት የምድጃውን በር ዘጋችላቸው። አባቷ አርቪድ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ዕቃው እንዲመለስለት ከሥሩ ስሙን በፕላስተር የለጠፈበትን ትሪ ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ስለ በረዶው ትንሽ አውርቶ ይሄዳል። ያን ሁሉ ምግብ ማን እንደሚበላው እንጃ! እሷ እንደሆነ እህል አላሰኛትም። እንባም አልወጣላትም።

ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፤ የስምንት ዓመቷ ብሪታ ወደ አባቷ ወደ ኩርት የምትሄድበት ቀን።

ሊነትና ኩርት በተለያዩ ሰሞን በዚህች ዓርብ ምክንያት ስንቴ ተናክሰዋል! «አንተ መጥተህ ውሰዳት!» «አንቺ አምጪያት፤ እኔ ደጅሽን አልረግጥም!» አንድ ቀን ከሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ነዳጅ ማደያ ላይ ሲጯጯሁ፣ ልጅቱ በመኪኖቻቸው መሀል ቆማ ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፈነች። አርቪድ ይህን ሲሰሙ የፒካፓቸውን ቁልፍ ከግድግዳው ላይ አነሱ።

«ከእንግዲህ የልጅቱ መንገድ የእኔ ነው። እናንተ በየቤታችሁ ተናደዱ!»

በዚያ በሚያማቸው ወገባቸው ሁለት ዓመት አመላለሷት። ሲመለሱም ሁልጊዜ አንድ ቃል ይዘው ነበር የሚመጡት። «ኩርት ‹አመስግኑልኝ፤ ልጄን በደንብ ነው የያዘችልኝ› ብሏል።» ሊነት «ምስጋናው ይቅርብኝ!» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ግን ያን ሳምንት ደስ ብሏት ትሰነብታለች።

በሩ ተንኳኳና ራሱ ኩርት ገባ። ጫማውን ደጃፉ ላይ አወለቀ፤ ካርቶን ታቅፏል።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ!» አሉ አክስት ኦርዲስ፣ እንዲሰማ አድርገው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ሊነት» አለና ካርቶኑን አስቀመጠ። የታጠቡ ባዶ ጠርሙሶች ናቸው። «አባትሽ ባዶውን መልስ ይሉኝ ነበር። እንዲህ ተጣልተን በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር ስትልኪልኝ... አፍሬ ነው እንጂ፣ ድሮ ላመሰግንሽ ይገባኝ ነበር።»

እሷ እንኳን ቀይ ሥር፣ ሰላምታም ልካለት አታውቅም።

«አላመሰገንክም? ‹አመስግኑልኝ› አላልካቸውም?»

ኩርት ካልሲውን አየ። «እውነቱን ልንገርሽ? ስላንቺ አንድም ደግ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

ሊነት መጀመሪያ ሳቀች። «አይ አባዬ! ምን ዓይነት ውሸታም ነበሩ!» አለች፤ ከዚያ ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ኩርት ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነገ ብሪታን ማን ያመጣታል?»

«የማመጣት እኔ ነኝ፤ ነዳጅ ማደያው ጋ ጠብቀን።»

«ኧረ በሞቴ!» አሉ አክስት ኦርዲስ። «ትጣላላችሁ!»

«ብንጣላም ልጄ ፊት አንጣላም። አባዬ በዚያ ወገባቸው ከቻሉት፣ እኔን አያቅተኝም።»

በማግስቱ ከመነሳቷ በፊት ምድር ቤት ወረደች። መደርደሪያው ላይ የቀረው የቀይ ሥር ጠርሙስ አንድ ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ አባቷ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈታቸው ዓመቱን ጽፈውበታል። መልሳ አስቀመጠችው። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና አነሳችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነዳጅ ማደያው ደረሱ። ኩርት መኪናውን ተደግፎ ይጠብቃል። ሊነት ከአባቷ ፒካፕ ስትወርድ፣ ብሪታ ገና ከአሁኑ እጆቿን ወደ ጆሮዎቿ አነሳች።

ሊነት በረዶውን እየረገጠች እስከ ኩርት ድረስ ሄደች። ክዳኑን አንዴ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ጠርሙሱን ዘረጋችለት።

«ይሄኛውን እንኳ» አለች፣ «የላክሁልህ እኔ ነኝ።»

ኩርት በሁለት እጁ ተቀበላት። ብሪታ በመስኮቱ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው፤ ከዚያ እጆቿን አውርዳ ቦርሳዋን አነሳች።